ሸክም አድራሻ ሲቀይር

ድሬዳዋ ውስጥ ሰው ሁሉ ሊቅ የሚሆንባቸው ሁለት ጉዳዮች አሉ። አንዱ ጫት ነው፤ ሌላው ፔጆ። ስለ ጫቱ ባለቤቶቹ ይጻፉ፤ እስሩን ገና በእጃቸው ሲነኩት ከአወዳይ በስንት ሰዓት እንደተነሣ የሚናገሩ ሰዎች ባሉበት ከተማ እኔ ምን ቤት ነኝ። ስለ ፔጆ ግን የመናገር ሥልጣን አለኝ። ጎረቤቴ ባለ ፔጆ ነው፤ ግድግዳችን አንድ ነው፤ ጠዋት ሞተር ሲያስነሣ መጀመሪያ የሚነቃው የእኔ ቡፌ ላይ ያለው ብርጭቆ ነው።

ፔጆዋ 404 ናት፤ ያውም አውቶሞቢሏ ሳትሆን ስቴሽኗ። ከፊት ሲያዩዋቸው ሁለቱ እኅትማማቾች ናቸው። ከጎን ሲያዩ ግን ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ አውቶሞቢሏ 2 ሜትር ከ65 ሳንቲሜትር ስትሆን ስቴሽኗ 2 ሜትር ከ84 ናት። 19 ሳንቲሜትር ወረቀት ላይ ምንም አይደለም። ለድሬ ቤተሰብ ግን ሦስት ሕፃንና አንድ ጆንያ ሽንኩርት ነው።

404 ወደ ዓለም የመጣችው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው። መልኳን የነደፈላት የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ሲሆን፣ 1618 ሲሲ የሆነ ሞተሯን ኮፋኖው ዝቅ እንዲል ብለው በ45 ዲግሪ አጋድመው አስቀመጡት፤ በርጫ ላይ ትራስ ተደግፎ የተቀመጠ ሰው ትክክለኛ አቀማመጥ ነው። ድሬ በፔጆ ፍቅር የወደቀችው በዚህ ይመስለኛል። እንዲህ ጋደም ብላ ደግሞ ሥራ አትፈታም፤ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ራሊ ያሸነፈችው እሷው ናት። ፈረንሳዮች አውቶሞቢሏን ማምረት ያቆሙት በ1975 ነው። ድሬና ሐረር ግን ያንን ወሬ አልሰሙም፤ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት የታክሲነት ሥራዋን ቀጠለች። ኋላ ግን ባጃጅ መጥቶ አስፋልቱን ወረሰባት።

ጎረቤቴ ጡረታ ሲወጣ አርፎ አልተቀመጠም። ድንኳን፣ የፕላስቲክ ወንበርና ብረት ድስት እያከራየ ሠርግ ማድመቅ ጀመረ። ሠርግ ደግሞ ድሬ ላይ ብቻ አይደገስም። የሐረር ሠርግ አለ፣ የአወዳይ ሠርግ አለ፤ ሁሉም ከደንገጎ ዳገት ወዲያ ናቸው። ድንኳኑ ተጭኖ፣ ወንበሩ ተደርድሮ፣ ድስቱ ከላይ ሲጨመር የፔጆዋ ኋላ መሬት ሊስም ይደርሳል፤ አፍንጫዋ ሽቅብ ይወጣል፤ ማታ መብራቷ መንገዱን ትቶ ኮከብ ይቆጥራል። ከፊት የሚመጣው ሹፌር በዚያ መብራት ታውሮ ሲሳደብ፣ ጎረቤቴ ሰላምታ መስሎት እጁን ያነሣል።

በዚህ መሀል አንድ ታሪክ ላስታውስ፤ ነገሬን ያግዝልኛል። ድሬዳዋ ራሷ ዳገት መውጣት ካቃተው ሸክም የተወለደች ከተማ ናት። አፄ ምኒልክ በ1894 እ.ኤ.አ. የባቡሩን ፈቃድ ሲሰጡ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ሥራው በ1897 ተጀመረ። የተራራው ነገር ግን ሲሰላ ወገብ የሚሰብር ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ባቡሩ በ1902 መጨረሻ ዳገቱን ሳይነካ ከሥር ሜዳው ላይ ቆመ፤ የቆመበት ቦታ ከተማ ሆነ፤ ስሙም መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ። ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ ከዚራ በቀጥ ያሉ መንገዶቹና በጥላ ዛፎቹ፣ ከደቻቱ ወዲያ መጋላ በገበያው፣ ሁለቱም ያ ባቡር ያራገፈውን ሸክም ሲቀባበሉ አደጉ። ባቡሩ እምቢ ያለውን ዳገት ግመልና በቅሎ ወጡት፤ ኋላ መኪና ወጣው፤ ዛሬ ደግሞ የጎረቤቴ ድንኳን ሊወጣው ነው። ድሬ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ ሐረር 1900 ሜትር ገደማ ላይ ስለተሰቀለች፣ በመካከሉ ያለችው ሃምሳ ምናምን ኪሎሜትር መንገድ መኪናን ጠይቃ የምትፈትን ናት።

የጎረቤቴ ጉዳይ በመጀመሪያ የቀረበው ለበርጫ ጉባኤ ነው። ጥያቄው ቀላል ነው፦ ጠንካራውን፣ ለጭነት የተሠራውን ሞላ ከቀላሉ እንዴት እንለየው? ጉባኤው እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ዝም አለ። ምርቃናው ሲገባ ግን ሁሉም መሐንዲስ ሆነ፤ ወዲያውም በአራት ወገን ተከፈለ። አንደኛው ወገን ሞላ የሚለየው በቀለሙ ነው አለ፤ ጥቁር ከሆነ የጭነት፣ ሌላ ከሆነ የጨዋታ። ሁለተኛው በክብደቱ ነው ብሎ ሞላውን በአንድ እጅ ማንሣት የሚችል ሰው እንዳይገዛው መከረ። ሦስተኛው በብረት መትቶ ድምፁን ማዳመጥ እንደሚበቃ ተናገረ፤ ረዥም ካዜመ ጤነኛ ነው። አራተኛው ወገን ሻጩን ማስማል በቂ ነው የሚል ነበር። ጥምዝምዙን ቁጠር፣ የበዛው ጠንካራው ነው ያለም አልጠፋም፤ ለዚህ ሰው ሁሉም አጨበጨበ። ጎረቤቴም ሁሉንም መንገድ ይዞ ወደ መካኒኩ ሄደ፤ እኔም ሊቅነቴን ላጠናክር ተከተልኩ።

መካኒኩ የድሬ ሰው ነው፤ ሙያውን የለቀመው ለገሃሬ አካባቢ ከባቡሩ ወርክሾፕ ሰዎች እግር ሥር ነው። ቶርኖ ላይ ያደገ ሰው አይማልም፤ ይለካል። አንቱታም የማያውቅ ሰው ነው፤ ሚኒስትር ቢመጣ አንተ ይለዋል፤ ሚኒስትሩም ድሬ መሆኑ ሲገባው ይረሳዋል። ፔጆዋን በክሪክ አነሣ፣ ሥሯ ገባ፣ ብዙ ጊዜ ቆየ። ሲወጣ ፊቱ ላይ የዘይት ጢም አብቅሏል።

"አቦ፣ ይቺ መኪና እኮ አንድ አይደለችም፤ ሁለት ናት" አለ።

"እንዴት?"

"በግራ በኩል የጭነት መኪና ናት። በቀኝ በኩል የቤት መኪና ናት።"

ከዚህ በፊት የነበረ አንድ ባለቤት የተሰበረውን ሞላ ሲቀይር ያገኘውን ሰክቶ ሄዷል። መካኒኩ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጠርጎ፣ ቀለሙን ፍቆ፣ የሁለቱንም ሽቦ በካሊፐር ለካ። የግራው ውፍረት 13 ሚሊሜትር፣ የቀኙ 12። ጎረቤቴ በንቀት ሳቀ፤ አንድ ሚሊሜትር የጣት ጥፍር ያህል አትሆንም። መካኒኩ ግን ኖራ አንሥቶ በር ላይ መጻፍ ጀመረ። የሞላ ጥንካሬ ከሽቦው ውፍረት ጋር እኩል አያድግም፤ ውፍረቱ በራሱ ላይ አራት ጊዜ እየተባዛ ነው የሚያድገው። ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ ከ12 ወደ 13 ሲኬድ፣ ያች የጥፍር ያህል ልዩነት ሞላውን በ38 በመቶ ገደማ ታጠነክረዋለች። የጥምዝምዙ ነገር ደግሞ በርጫው ካጨበጨበለት ተቃራኒ ነው፦ ዙሩ ሲበዛ ሞላው ይለሰልሳል፤ ሲያንስ ይደነድናል። የዙሩም ስፋት ሲጨምር ጥንካሬው ይወድቃል። ቀለም፣ ክብደት፣ ዜማና መሐላ በር ላይ ከተጻፈው ስሌት ውስጥ የሉም።

ጎረቤቴ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ በቀስታ፣ ማንም እንዳይሰማው ያህል፣ "ታዲያ መኪናዋ ወደ ቀኝ የምታዘነብለው ለዚህ ነዋ?" አለ።

"ለሌላ ለምን ይሆናል?"

ሚስቱ ሁልጊዜ የምትቀመጠው በቀኝ በኩል ነው። ከተጋቡ ጀምሮ ለመኪናዋ ማዘንበል የተሰጠው ምክንያት ምን እንደነበረ ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል። በዚያ ቀን ያቺ ሴት በካሊፐር ነጻ ወጣች። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቤት ደርሶ ስለነበር ጎረቤቴ ማታ ራቱን የበላው እኔ ቤት ነው።

ሞላ ፍለጋው ቀጠለ። አዲስ አበባ ውስጥ የመኪና ዕቃ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ያለ ዘመድ ተደወለለት፤ እዚህም ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት አንድ ሱቅ ገባን። ሻጩ ከጨለማው ጥግ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ጥንድ ሞላ አውጥቶ፣ "ወላሂ የፈረንሳይ ነው፣ ከነ ወረቀቱ የመጣ" አለ። መካኒኩ በጥፍሩ ቧጨረው። ከቀለሙ ሥር ዝገት፣ ከዝገቱ ሥር ሌላ ቀለም፣ ከዚያም ሥር ሌላ ዝገት ወጣ። "ቀለሙ ትኩስ ከሆነ ዕቃው ሽማግሌ ነው" አለኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ። ከዚያ ሁለቱን ሞላዎች ጎን ለጎን አቆማቸው፤ እኩል አልቆሙም። አንደኛው ሥራ ላይ እያለ ጎብጧል። ጥንድ ሞላ ሲገዛ ሽቦው፣ ዙሩ፣ ሳይጫን ያለው ቁመቱና የጫፉ አቀማመጥ አራቱም መመሳሰል እንዳለባቸው ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። በመጨረሻ አራቱንም ያሟላ ጥንድ ተገኘ። የተገኘውም አቧራ ለብሶ፣ ማንም ሳይቀባው፣ ማንም ሳይምልለት ነው።

መካኒኩ ሊገጥመው ሲል አንድ ነገር አስጠነቀቀ። "ሸክም አይጠፋም፤ አድራሻ ይቀይራል እንጂ። ከሞላው ላይ ሲነሣ የት እንደሚያርፍ ቀድመህ አስብ።" ጎረቤቴ ራሱን ነቀነቀ፤ ምን እንደተባለ ግን የገባው በኋላ ነው።

መኪናዋ ኋላዋ ቀና ብሎ ወጣች፤ ደስ ስትል። ግን ኋላዋ ሲነሣ አፍንጫዋ ተደፋ። አፍንጫ ሲደፋ የፊት ጎማ በመሪ የሚዞርበት መስመር ወደ ኋላ ዘንበል የሚልበት፣ መኪናን ቀጥ አድርጎ የሚያስኬደው ያ ካስተር የሚሉት ነገር ይቀንሳል። መሪው ቀለለ፤ ቀልሎም አላበቃ፣ መዋዠቅ ጀመረ። ከሳቢያን እስከ ከዚራ ቀጥ ብሎ የሄደ ሰው ከሩቅ ሲታይ የሚያውቃቸውን ሁሉ ሰላም እያለ የሚጓዝ ይመስላል። በርጫው መፍትሔ አመጣ፦ ፊቱም ይነሣ! ፊቱም ተነሣ። አሁን ደግሞ የመሪውን ጉልበት ወደ ጎማ የሚያደርሱት ዘንጎች ከተፈጠሩበት መስመር ወጥተው ቁልቁል አዘነበሉ፤ ስለዚህ ጉድጓድ ባገኙ ቁጥር ጎማውን ራሳቸው ያዞሩታል። መሪውን የያዘው ጎረቤቴ ሆኖ የሚነዳው ግን አስፋልቱ ሆነ።

ከዚያ ተራው የእነዚያ ዘንጎች መጋጠሚያ የሆነው የቴስቲኒ ሆነ። ሸክሙ ከሞላ ተነሥቶ ወደ መሪ መጥቷላ። ቴስቲኒ ከሞላ ይልቅ አታላይ ነው፤ ጠንካራውና ቀላሉ ከላይ ሲታዩ መንታ ናቸው። መካኒኩ ሦስት ነገር ያያል። አንደኛ፣ ኳሱን የያዘው ቤት ስፋትና የአንገቱ ውፍረት። ሁለተኛ፣ ጥርሱ፤ አንዱ በቀኝ፣ ሌላው በግራ የሚታሰር ስለሆነ የተሳሳተውን የገዛ ሰው ግማሽ ቀን ሲያጠብቅ ያላላል። ሦስተኛውና ሰው የሚረሳው ሾጣጣው እግሩ ነው፦ ከላይና ከታች ውፍረቱ ይለካል፤ ክንዱ ላይ ካለው ቀዳዳ ጋር ሙሉ በሙሉ መጋባት አለበት። ይህን ለማወቅ የእስኪብርቶ ቀለም ቀብቶ ሰክቶ ዞር ያደርገውና ያወጣዋል። ቀለሙ ዙሪያውን ከላይ እስከ ታች እኩል ከተፋቀ ተጋብተዋል። ጫፉ ላይ ብቻ ከተፋቀ ግን፣ ዳዶውን ምንም ያህል ብታጠብቀው፣ ኮፒሊያውንም ብትሰካለት፣ ውስጥ ውስጡን እየተንገዳገደ ይኖርና አንድ ቀን ደንገጎ ላይ ይሰናበትሃል። "መሪ ላይ ያለ ዕቃ ሲከዳ ማስጠንቀቂያ አይጽፍም" ይላል መካኒኩ። ከውጭ ወፍራም ሆኖ ሾጣጣው ያልገጠመውን ወርውሮ፣ ቀጭን መስሎ የገጠመውን ያስራል። በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቅም፤ እኔም እዚህ ላይ አልቀልድም።

በዚህ መሀል በርጫው ሥራ አልፈታም። አንዱ ከአይሱዙ የወጣ ባሌስትራ ከሥር እንዲበየድላት ሐሳብ አቀረበ። የባሌስትራ ቅጠል ውፍረቱ ከ6 ወደ 8 ሚሊሜትር ቢያድግ ያ ቅጠል ከሁለት እጥፍ በላይ እንደሚደነድን መካኒኩ ሲነግረው፣ "ታዲያ ጥሩ ነዋ!" አለ። የተበየደበት ቆርቆሮ ግን ከ1960ዎቹ ያው ነው፤ መጀመሪያ የሚቀደደው እሱ ነው። ሌላው ደግሞ የሃይስ ሚኒባስ ልምዱን አመጣ፦ የፊቷን ቶርሽን ባር ቡሎኑን እያጠበቁ ከፍ ማድረግ ነው፣ ትጠነክራለች። ከፍ ትላለች እንጂ አትጠነክርም። የብረቱ ውፍረት ያው ነውና ቁመት ሲጨምር ጉልበት አይጨምርም፤ ይህ ለሰውም ይሠራል። ሦስተኛው ሾኩን ወፍራም አድርጉት አለ። ሾክ ሸክም አይሸከምም፤ ሥራው የሞላውን ዝላይ መግታት ነው። ሞላው ሲደነድን ግን ሾኩም አብሮ መጠንከር አለበት፣ አለዚያ ዝላዩ አያልቅም። ሾኩ ሲጠነክር የላስቲክ ጎሚኒዎቹ ይፈጫሉ፤ ጎሚኒው ሲቀየር የታሰረበት ቦታ ይሰነጠቃል። ሸክሙ ቤት ለቤት እየዞረ ተከራየ ማለት ነው፤ የገባበትን ቤት ሁሉ ደግሞ ጎረቤቴ አሳደሰ።

ፍሬን ሲቀር ሁሉም ተጠናከረ። እዚህ ላይ መካኒኩ ቁልፉን ይዞ አልሰጥም አለ። "ሞላ መሸከም ይችላል፤ ማቆም አይችልም። አሁን ትጭናለህ፣ ትወጣለህ፣ ወገኖችህ ያጨበጭባሉ። ስትወርድስ?" በእርግጥም ጭነት የሚያስፈራው ሲወጡ አይደለም፤ ሲወጡ ቢበዛ ሞተሩ ይቆማል። ከደንገጎ ቁልቁል ሲወረድ ያን ሁሉ ወንበርና ድስት የሚይዘው የፍሬን ሸራ ነው፤ እሱ ከጋለ ደግሞ የሚይዝ የለም። ኋላዋ ተንጋሎ የነበረ ጊዜ መኪናዋ ራሷ "በቃኝ" ትል ነበር። አሁን ቀና ብላ ስለምትሄድ ስንት እንደተጫነባት ማንም አያይባትም። ጠንካራ ዕቃ ትልቁ ጉዳቱ ይኸው ነው፤ ማቃሰቱን ይከለክላል። ፍሬኑ ታደሰ፤ ቁልፉ ተሰጠ፤ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ መውረድ በምስክር ፊት ቃል ተገባ።

የመጀመሪያው የሐረር ሠርግ በክብር አለፈ። ፔጆዋ ሞልታ ስትሄድ እንደ ስሟ ሆነች፤ ዳገቱን ወጣች፣ ኩርባውን ያዘች፣ አፍንጫዋንም አላነሣችም። ችግሩ የመጣው ባዶዋን ስትመለስ ነው። ለድንኳን የተሰላ ሞላ ለባዶ መኪና አይራራም፤ ጠጠር ባገኘች ቁጥር ኋላዋ ብድግ ይላል፣ ሹፌሩ ጣሪያውን በአናቱ ይመታል። ስለዚህ ጎረቤቴ ባዶውን መሄድ ተወ። አንዲት ሴት ብቻዋን ቀፊራ ገበያ ልትወርድ ስትል በግድ ያሳፍራታል። ገበያተኛዋ ሽንኩርቷን እንድትጨምር ይለምናታል። ለዘመድ ውለታ፣ ለጎረቤት ቸርነት የሚመስለው ነገር ሁሉ የገዛ ወገቡን ማዳን ነው። ሠፈሩ ግን ሰውየው ከጡረታ በኋላ እንዴት ደግ ሆነ እያለ ይመርቀዋል። ሚስቱ ብቻ ናት ምርቃቱን የማትጋራው፤ ከካሊፐሩ ወዲህ በግራ በኩል ከኋላ ነው የምትቀመጠው።

ባለፈው ሳምንት ወገቡን ይዞ ጋራዡ ድረስ አብረን ሄድን። መካኒኩ መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያት፤ ሞላውን ነካ፣ ቴስቲኒውን አወዛወዘ፣ ሾኩን ተጫነ፣ ጎሚኒዎቹን በካቻቢቴ ፈተሸ። ቀና ብሎ እጁን ጠረገ።

"መኪናዋ ምንም አልሆነችም። ሁሉም ዕቃዋ አሁን የጭነት ነው። የቤት መኪና ዕቃ አንድ ብቻ ቀርቶባታል።"

"የትኛው?" አለ ጎረቤቴ ደንግጦ። "ንገረኛ፣ ነገውኑ እቀይረዋለሁ!"

"ሹፌሩ" አለ መካኒኩ።

ጎረቤቴ አሰበ። ከዚያ ከልቡ፣ ሳይቀልድ፣ እሱስ ሶማሌ ተራ ይገኝ እንደሆነ ጠየቀ።

"ይገኛል፤ ግን ሲሸጡልህ ቀብተው ነው።"